ድሃውን ከፌስታሉ ክርክር አውጡልን

የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ በድሬዳዋ ያልተሰማ የተቃውሞ ዓይነት የለም። አብዛኛውን በትዕግሥት ማሳለፍ ይቻላል፤ ሰው የለመደውን ሲቀሙት ማጉረምረሙ ያለ ነው። ሰሞኑን ስለ አዋጁ በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ የፌስታል ጅምላ ሻጮችን ወክለው የተናገሩ ሰው ያቀረቡትን መከራከሪያ ግን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እንደ እኚህ ሰው አባባል ፌስታልን መከልከል የጠገበ አገር ቅንጦት ነው፤ ድሃው ዘንቢል የሚገዛበት አቅም ስለሌለው ክልከላው የሚያርፈው በእርሱ ጫንቃ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሕዝቡ ኑሮ እስኪሻሻል ድረስ ነገሩ በይደር መቆየት አለበት። አዳራሹ አጨበጨበ። ጠረጴዛው ላይ በረድፍ የተደረደረው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃም፣ አፍ ቢኖረው ኖሮ ሳያጨበጭብ አይቀርም ነበር።

ቅንጦት የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን በአገር አቀፍ ደረጃ በመከልከል ከዓለም ቀዳሚዋ ባንግላዴሽ ናት፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2002 ነው። እዚያ ውሳኔ ላይ ያደረሳትም ጥጋብ ሳይሆን ጎርፍ ነው፤ የከተማ ቦዮችን የደፈነው ፌስታል የጎርፉን ጉዳት እንዳባባሰው በዓይኗ ስላየች ነው። ከጎረቤቶቻችንና ከአካባቢያችን አገሮች ደግሞ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 ተከትለዋል። ከእነዚህ አገሮች መካከል ጠግቦ የሚያድረው የትኛው እንደሆነ ተናጋሪው ቢነግሩን ደስ ባለን።

ክርክሩን ሁሉ ተሸክሞ ያቆመው ግን ድሃው ዘንቢል መግዛት አይችልም የሚለው አነጋገር ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የተበላሸውም እርሱ ነው። በመጀመሪያ ፌስታል በነጻ አይታደልም። በቀፊራ ገበያ ቅስቶች ሥር፣ ክምር ፌስታል ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው በሸማቹ መካከል የሚሽሎከለኩትን ልጆች ያላየ የድሬ ሰው የለም። አንዲት እናት ለወጥ የሚሆናትን ስትሸምት ሽንኩርቱ በአንድ፣ ቲማቲሙ በሌላ፣ ቃሪያውና ሎሚው በሦስተኛ ስስ ፌስታል ይቋጠርላታል፤ ሁሉን በአንድ የምትይዝበትን ወፈር ያለውን ደግሞ ከልጆቹ ትገዛለች። እርሱም ባጃጅ ላይ ሳትወጣ እጀታው ይበጠስና ቲማቲሙን መንገድ ላይ ያፈስሰዋል። በማግሥቱ ያንኑ መልሳ ትገዛለች። አያቶቻችን የሰሌን ዘንቢል አንጠልጥለው ቀፊራ ይወርዱ የነበረው ከዛሬው ድሃ የተሻለ ገንዘብ ስለነበራቸው አይደለም፤ ዘንቢሉ ከርሞ ስለሚያገለግል ነው። በየቀኑ የሚገዛ ዕቃ ርካሽ የሚመስለው ዋጋውን ደምሮ የሚያይ ስለሌለ ብቻ ነው።

የአቅም ነገር ከተነሣ ደግሞ እስቲ አንድ ቀን ከቀትር በፊት ጫት ተራ እንቁም። ከአወዳይ የወረደው ጫት ሲደርስ ሻጯ ሸቀጧን በእርጥብ ጆንያ ትሸፍነዋለች፤ ጫቱን ከድሬ ሙቀት የሚያተርፍላት ጆንያው መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። ደንበኛዋ ሲመጣ ግን እስሩን ከጆንያው ሥር መዝዛ፣ ውኃ ረጨት አድርጋ፣ በፌስታል ትቋጥርለታለች። ደንበኛው በመቶዎች የሚቆጠር ብር ቆጥሮ ይሰጣታል። ለለስላሳው፣ ለውኃው፣ ለሲጋራው፣ ለዕጣኑ የሚያወጣው ሌላ ነው። ነገም ይመጣል፤ ታሞ ካልተኛ ከነገ ወዲያም አይቀርም። እንግዲህ አቅም የለውም እየተባለ የሚለቀስለት ይህ ሰው ነውን? አንድ የጨርቅ ከረጢት አጥፎ ኪሱ ውስጥ መክተት ከአቅሙ በላይ የሆነበት ይህ ሰው ነውን? ለበርጫው በየቀኑ መቶዎችን የሚከፍል ሰው ለዓመት የሚሆን ዘንቢል መግዛት አቃተው ሲሉኝ፣ ያቃተው መግዛቱ ሳይሆን መያዙ ነው እላለሁ፤ ለስንፍና ደግሞ የድህነትን ካባ ማልበስ ድሃውን መስደብ ነው።

ቃሚው ሁሉ ባለጠጋ አይደለም የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እውነትም አይደለም። ይሁን እንጂ ለአንዱ ዕለታዊ ልማዱ በየዕለቱ መላ የሚያገኝ ሰው፣ ለሌላው መላ አጣ የሚባለውን የሚቀበል ይቀበለው እንጂ እኔ አልቀበለውም። እንዲያውም በዚህች ከተማ መለወጥ የማያስቸግር ልማድ ካለ ይኸው ነው። ገዥው ያው ነው፤ ሻጯ ያችው ናት፤ ቦታው ያው ነው፤ ሰዓቱማ ከባቡሩም ከመሥሪያ ቤቱም በተሻለ ይከበራል። ሻጯ ለአንድ ሳምንት ያህል ዘንቢል ያልያዘ አይስተናገድም ብትል፣ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ እጁን የሚመጣ ደንበኛ እንደማይኖር ለመወራረድ ዝግጁ ነኝ። ሰው ጫቱን ትቶ ቤቱ ይገባል ብሎ የሚሰጋ ካለ ድሬዳዋን አያውቃትም።

ጫት ከፌስታል በፊት ነበረ። የሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎበት ባሕር ማዶ ድረስ ይሄድ ነበር። ቃሚው ቅሞ ሲነሣ የተረፈውን ገራባ የሰፈሩ ሴቶች ሰብስበው ለፍየሎቻቸው ይሰጡታል፤ ፍየል ያልበላው እንጨቱ ደርቆ ማገዶ ይሆናል፤ የሙዝ ቅጠሉም ቢጣል ምድር ይበላዋል። ከዚያ ሁሉ ጫት ለከተማ ጽዳት የሚተርፍ ሥራ እምብዛም አልነበረም። ዛሬ ገራባው ከነፌስታሉ ተቋጥሮ ደጃፍ ላይ ይወረወራል። ፍየሏ ቋጠሮ መፍታት አትችልም፤ ከነቋጠሮው ታኝከዋለች። ፌስታሉ ሆዷ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ ሌላው እየተጨመረበት፣ እየተጠማዘዘ፣ እየጠነከረ ይሄዳል፤ እርሷም የጠገበች እየመሰላት መብላት ታቆማለች፣ ትከሳለች፣ አንድ ቀን ወድቃ ትገኛለች። ቀድማ ከታረደች ደግሞ አራጁ ጨጓራዋን ሲሰነጥቅ ሰማያዊና ጥቁር ፌስታል ከገመድ ቁራጭ ጋር ተገምዶ፣ የጫት ቅጠል ተለጥፎበት ያወጣል። ይህ በድሬም በሐረርም ወሬ ከመሆን ካለፈ ቆይቷል። ሐረር ውስጥ በጁገል ግንብ ቀዳዳ ሌሊት የሚገቡት ጅቦች የሥጋውን ተረፍና አጥንቱን ያነሡላታል፤ ፌስታሉን ግን የሚያነሣላት ጅብ እስካሁን አልመጣም።

ያች ፍየል የማን ናት? የከዚራ ዛፎች ጥላ ካረፈበት ሰፊ ግቢ የወጣች አይደለችም። ባንክ የማታውቅ፣ ያላትን ሁሉ በሁለት በሦስት ፍየል ያስቀመጠች፣ ልጇ ሲታመም ወይም የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ አንዷን ነድታ የምትሸጥ ሴት ናት ባለቤቷ። እርሷ የምትከስረው የብዙ ሺህ ብር ሀብቷን ነው፤ ያከሰራት ደግሞ ሌላው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይዞት የጣለው ዕቃ ነው። በድሃው ስም አዳራሽ ውስጥ የሚናገሩት ሰው ይህችን ሴት ጠይቀዋት ያውቃሉ? ጠይቀዋት ቢሆን ኖሮ፣ ድሃውን ለመከላከል የተነሡበትን ወገን መልሰው ያጤኑት ነበር።

ከፍየሉ አልፈን ወደ ወንዙ ብንሄድም የምናገኘው ያንኑ ድሃ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ቆሻሻውንም ይደፋበታል። ከደንገጎና ከሐረማያ በኩል ያለው ከፍታ ላይ ሲዘንብ ግን ከተማዋ አንዲት ጠብታ ሳታይ ጎርፍ ይወርድባታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። ያን ጎርፍ ፌስታል አመጣው ብዬ አልከራከርም፤ ያመጣው ዛፍ አልባ የሆነው ተራራና ወንዙ አፍ ላይ የተሠራው ቤት ነው። ነገር ግን ከየሰፈሩ ውኃ ተቀብለው ወደ ወንዙ የሚያደርሱት ቦዮች ዛሬ ምን እንደሞላቸው ክዳኑን አንሥቶ ማየት ነው። ቦዩ ሲዘጋ ውኃው የሚገባው መሠረቱ ከፍ ብሎ በተሠራ ፎቅ ሳይሆን ወለሉ ከመንገዱ ዝቅ ባለ የጭቃ ቤት ነው።

ውኃው ካልሄደ ደግሞ ይቆማል፤ የቆመ ውኃ በዚህ ሙቀት ምን እንደሚፈለፍል ድሬዳዋን ማስተማር አያስፈልግም። የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው ቺኩንጉኒያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጥሏል፤ መገጣጠሚያው ተይዞ በዱላ የሄደውን ጎረቤት የምናስታውስ ብዙ ነን። ሁለቱንም የምታዛምተው፣ በቀን የምትነድፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በአሮጌ ጎማ፣ ክዳን በሌለው በርሜል፣ ውኃ ባቆረ ቆርቆሮና አንገቱ ተቆርጦ በተጣለ ሃይላንድ ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ናት የተባለችው ከእስያ የመጣች ሌላ ዝርያም ሰው ውኃ በሚያጠራቅምበት ዕቃ ውስጥ መራባት ታውቅበታለች። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውኃ አታጠራቅሙ ማለት አይቻልም፤ በርሜሉን ክደኑ፣ ጠርሙሱን ውጭ አትወርውሩ ማለት ግን ይቻላል። ይህን ለማድረግ የትኛው ድሃ የትኛውን ገንዘብ ያወጣል? ታሞ የቀረውን የቀን ሠራተኛ ደሞዝ የሚከፍለውስ ማን ነው?

አዋጁ ላይ ቅሬታ የለኝም ማለቴ አይደለም። ተጠቃሚው ላይ የሚጣለው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት በፌስታል ስትጠቀም ለተገኘች አንዲት ቸርቻሪ የሥራ መነሻዋ ሊሆን ይችላል፤ አምራቹና አስመጪው ሳይነኩ በእርሷ የሚጀምር ደንብ አስከባሪ ካለ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ፌስታል የሚሸጡት ልጆችም እንጀራቸው ነው፤ ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት እንዲሸጡ ማድረግ ግን ተአምር አይጠይቅም፤ ክንዳቸውም እግራቸውም ያው ነው።

በይደር ይቆይ የሚለውን ልመናማ ከየትኛው ድፍረት እንዳመጡት አይገባኝም። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ የፕላስቲክ ከረጢትን የከለከለው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው እኮ በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከ18 ዓመት በላይ ተቆጥሯል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መጋላ ገበያ ውስጥ የፌስታል ውፍረት የሚለካ ሰው ቆሞ አይቼ አላውቅም፤ ጅምላ ሻጮቹም ሕጉ መኖሩን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ማንም እንደማይለካ ስለሚያውቁ ነው የሸጡት። የዚያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ መራጭ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ጊዜ ስጡን ይላሉ፤ ምን ሊሠሩበት? ግንዛቤ እናስጨብጣለን የሚለው መልስም ያው ነው። በፌስታል ከሰል የምታቀጣጥለው እናት ጭሱ እንደሚያስላት አጥታው አይደለም፤ ፈርኔሎው አጠገብ ሁልጊዜ የሚገኘው እርሱ ስለሆነ ነው። ከእጇ ሲጠፋ በካርቶን ወይም በደረቅ ገራባ ታቀጣጥላለች፤ ለዚህ ሥልጠናም አበልም አያስፈልግም።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር አዋጁን በሥራ ላይ ለማዋል ከልቡ ከሆነ ቸርቻሪዋን ትቶ ከጫት ተራ ይጀምር። ሻጮቹ በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ናቸው፤ የሚመጡበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ ደንበኞቻቸው በየቀኑ ተመላላሽ ናቸው፤ ሸቀጡም ያለ ፌስታል ለብዙ ዘመን ኖሯል። ከዚያ ወደ ጅምላ ሻጮቹ መጋዘን ይሂድና እስከ ዛሬ የትኛውን ውፍረት ሲሸጡ እንደነበር ይጠይቅ። ጅምላ ሻጮቹም ይህ እንዳይደረግ የሚከራከሩበት ምክንያት ካላቸው፣ ትርፋችን ይቀንሳል ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ ትርፍ የሚቀንስበት ነጋዴ መከራከሩ መብቱ ነው፣ እናዳምጠዋለን። ባለ ፍየሏን ሴት ግን ሳያማክሯት ጠበቃዋ ነን አይበሉ።