የ1986 ምርጥ የኮሚክ ሽፋን? ያቺ ደም የነካት ቢጫ ፊት

የኮሚክ ሽፋን ወሬ ከተነሳ በፈረንጆቹ 1986 ላይ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው አላውቅም። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከዛ በኋላ ነው፤ የትኛው?

ብዙው ሰው "ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ" ይላል። አልፈርድበትም። ፍራንክ ሚለር የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ባትማንን መብረቅ ፊት የዘለለ ጥቁር ጥላ አድርጎ ነው የሳለው። ፊት የለ፣ የደረት ምልክት የለ። ግን ማን ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም። ይሄ ድፍረት ነው፤ በጣምም ያምራል።

የኔ ምርጫ ግን "ዎችሜን" ቁጥር 1 ነው።

ሽፋኑን ያላየ ካለ ልንገረው። ደረት ላይ የሚሰካ፣ ፈገግ ያለ ቢጫ ፊት ያለበት ባጅ፣ በጣም ከቅርብ። አንዱ ዓይን ላይ ደም አርፎበታል። በቃ። ርዕሱ ከላይ ተንሰራፍቶ አልተጻፈም፤ በግራ በኩል ቁልቁል ወርዷል። የሚዋጋ የለም፣ የሚበር የለም፣ ካባ የለም። ስለ ልዕለ ጀግኖች የሚያወራ ኮሚክ ሆኖ ሽፋኑ ላይ አንድም ጀግና የለም!

እሺ፣ ይሄ ብቻ ቢሆን "ጎበዝ ዲዛይነር" ብለን እናልፈው ነበር። ጉዳዩ ገጹን ስትገልጡት ነው። ሽፋኑ የታሪኩ የመጀመሪያ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ ከዛች ባጅ ተነስቶ በየሥዕሉ ወደ ላይ እየራቀ ይሄዳል፤ ባጇ ደም ውስጥ የወደቀች መሆኗ ይታያል፣ ቀጥሎ አስፋልቱ፣ ደሙን በጎማ ውሃ የሚያጥበው ሰውዬ፣ መጨረሻ ላይ ከፎቅ መስኮት ቁልቁል የሚያይ ሌላ ሰው። ማለትም መጽሐፉን ሳትከፍቱት ማንበብ ጀምራችኋል። ደራሲው አለን ሙርና ጊበንስ ይህን በ12ቱም እትሞች ደግመውታል። የጀርባው ሽፋን ደግሞ ሰዓት ነው፤ እትም በወጣ ቁጥር ወደ እኩለ ሌሊት ይጠጋል፣ ደሙም ከላይ እየወረደ ይመጣል።

"እንዲህ ዝም ያለ ሽፋን ማን ይገዛዋል?" የሚል ይኖራል። ድሮ ቢሆን ልክ ነው፤ ኮሚክ ከጋዜጣ ጋር ተደርድሮ ሲሸጥ ሽፋኑ መንገደኛውን ጮኾ ካላስቆመው አለቀለት። በ1986 ግን ኮሚክ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች በዝተዋል። እዛ የሚገባው ሰው የሚፈልገውን አውቆ ነው የሚገባው። መጮኽ አያስፈልግም ነበር።

ሌሎቹም ያን ዓመት አልተኙም። የኮሚክ አሳታሚው ማርቭል 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር የኅዳር ወር ሽፋኖቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አደረጋቸው፤ ዙሪያውን ገጸ ባሕርያት የታጨቁበት ክፈፍ፣ መሃል ላይ የባለታሪኩ ፊት። ደስ ይላል፤ ግን እውነት ለመናገር ስፓይደርማን ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የተነሳ ነው የሚመስለው። ሌላው አሳታሚ ዲሲ ደግሞ የጆን በርንን የሱፐርማን ታሪክ፣ "ዘ ማን ኦፍ ስቲል" ቁጥር 1 በሁለት የተለያዩ ሽፋኖች አወጣው። ታሪኩ ያው አንድ፣ ሽፋኑ ሁለት! ዛሬ አንድ እትም በስንት ዓይነት ሽፋን እንደሚቸበቸብ ሳይ ያቺን ቀን አማርራታለሁ።

ወደ ባጇ ልመለስ። ያቺን የደም ጠብታ በደንብ እዩዋት፤ የሰዓት ቆጣሪ ትመስላለች፣ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እንዳለው። ይህን ያየሁት ስንተኛ ንባቤ ላይ እንደሆነ እንጃ። እና በ12ኛው እትም የመጨረሻ ገጽ ያው ፊት ይመለሳል፤ ቲሸርት ላይ። ያን ጊዜ ዓይኑ ላይ ጠብ ያለበት ደም አይደለም፣ ካቻፕ ነው።