ከሐይቁ ፊት ለፊት የተዘረጋ ወረቀት

ስቶክሆልም በምሠራበት ቢሮ አርክቴክቱ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱና የቧንቧ ባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ባለ በአንድ የሕንፃ ሞዴል አብረው ይሠራሉ። ቧንቧው ተሸካሚውን ቢም የሚያቋርጥ ከሆነ ኮንክሪት ሳይሞላ በፊት ኮምፒውተሩ ያሳያል። ከልስን በኋላ ግድግዳ ሲፈነቀል ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ጸጋ አይንቀውም።

ሐሳቡ ገና ሲፀነስ ግን ያ ሁሉ መሣሪያ እጅን ይይዛል። ግድግዳ ስታሰምሩ ውፍረቱን ይዞ ይቆማል፤ «እንዲህ ቢሆንስ?» የምትል የምታመነታ መስመር አይወድም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. ስኬችፓድ የተባለውን ቀደምት የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ሲሠራ በስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር ይሳል ነበር። እጅ ከጅምሩ እዚያ ነበረ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ፣ አንዲት አርክቴክት ጓደኛዬ ቢሮ ተቀምጬ ነበር። ፔንሲዮን የሚያሠሩት እናት የሁሉም ክፍል መስኮት ወደ ሐይቁ እንዲዞር ፈለጉ። ሽማግሌው ፎርማን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐይቁ በምዕራብ ነው፣ ልጄ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐዩ እንግዳውን ያባርረዋል።»

ጓደኛዬ በፕላኑ ላይ ስስ ወረቀት ደርባ ሰፊ በረንዳ ሳለች። «ጋሼ፣ እንዲህ ቢጠለልስ?» ፎርማኑ እርሳሱን ተቀብለዋት ደረጃውን ወደ ዳር አወጡት። የፔንሲዮኑ ባለቤትም በጣታቸው እያሳዩ «ቡናው እዚህ ይፈላል» አሉ። አምስት ወረቀት ተደራረበ፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ከሥር እየታየ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ጓደኛዬ ብቻዋን ቀረች። ሥዕሉን አውቶካድ በሚባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ላይ አስገብታ ለመሐንዲሱ በኢሜይል ትልካለች፤ «የመጨረሻ» የሚባል ፋይል ሦስት ይሆናል። ከዚህ በፊት በሠራችው ቤት ግንበኞቹ አሮጌውን ኅትመት ይዘው ዓምድ ያለቦታው አቁመዋል። ሲፈርስ ቆማ አይታለች። ስትነግረኝ አንጀቴ ተቃጠለ።

ለእኛ የሚያስፈልገው የውጭውን መሣሪያ በርካሽ መቅዳት አይደለም። ወረቀቱን በስልክ አንሥቶ ድርብርቡን ሳያጠፋ የሚያስቀምጥ፣ የፎርማኑን ድምፅ በአማርኛም በሲዳምኛም ከመስመሩ ጋር የሚያያይዝ፣ መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራውን ይዞ ቆይቶ ሲመለስ ለሁሉም የሚያደርስ መሣሪያ ነው። የትኛው ሥዕል አሁን እንደሚሠራበትም ግንበኛው በአንድ እይታ ይወቅ። የሐዋሳ ወጣት ፕሮግራመሮች አንድ መስመር ኮድ ከመጻፋቸው በፊት እዚያ ጠረጴዛ ዳር አንድ ወር ቢቀመጡ እመኛለሁ። ለሚጀምሩት ከዚህ ሆኜ ቅዳሜዎቼን እሰጣለሁ፤ ጓደኛዬም ወረቀቶቹን አልጣለቻቸውም።