ፈርሶም ዕዳው አላለቀም

ዛሬ ደግሞ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የነበረው ኪንግዶም የተባለው ባለ ጣሪያ ስታዲየም ሲፈርስ የሚያሳየው ቪዲዮ ፊቴ ድቅን አለና ደሜ ፈላ። 17 ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። ያ ሁሉ ኮንክሪት አቧራ ሆነ!

ሕዝቡ እኮ እ.ኤ.አ. በ1968 ድምፅ ሰጥቶ፣ 40 ሚሊዮን ዶላር ይውጣ ብሎ ነው ያሠራው። በ1976 ተከፈተ። ቅርጫት ኳስ ለማየት ብቻ 40 ሺህ ያህል ሰው የገባበት ቀን ነበር፣ ጣሪያ ስር! በ2000 በፈንጂ ወረደ። 24 ዓመት። ስታዲየም ለ24 ዓመት ነው የሚሠራው?

በ1994 የኮርኒሱ ንጣፎች ወደቁ። ለጥገናው ገንዘብ እንደ ውኃ ፈሰሰ፣ ይባስ ብሎ ሁለት ሠራተኞች ሞቱበት። ሁለት ሰው! ይህ ሁሉ ተከፍሎበት ስድስት ዓመት ሳይሞላ አፈረሱት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ዕዳው ነው። ሕንፃው ከጠፋ በኋላ 15 ዓመት ሙሉ፣ እስከ 2015 ድረስ፣ ከሆቴል ታክስ እየተቆረጠ ሲከፈል ኖረ። ለምኑ? የሚቀመጡበት ወንበር የለ፣ የሚያስጠልል ጣሪያ የለ። ሲፈርም የነበረው ሰው ሁሉ የት ሄደ? ከፋዩ ሕዝብ ብቻ ቀረ።