በአይጠየፍ አገር ቤት ፍለጋ

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ደሃና ሀብታም ሳይለይ ሁሉን ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። እኔ ግን ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ በዚሁ ከተማ የኪራይ ቤት ስፈልግ ከከረምሁ በኋላ፣ ያን ስም የወረሰ ሌላ ቤት እንዳላጋጠመኝ ለመመስከር እገደዳለሁ።

ቤትን ጭቃ፣ ብሎኬት፣ ፎቅ እያሉ መለየት ተከራይቶ የማያውቅ ሰው ልማድ ነው፤ ተከራይ ቤትን የሚለየው በሚጠየፈው ነገር ነው። ቪላ ደመወዝተኛን ስለሚጠየፍ በአጥሩ ሥር አልፌዋለሁ። ኮንዶሚኒየም ሙቀጫን ይጠየፋል። የቀበሌ ቤት ደግሞ አዲስ ሰውን ይጠየፋል፤ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ያን ጊዜ የገባው ሰው ቢያርፍ ልጁ፣ ልጁ ቢሰደድ የልጅ ልጁ ይተካል እንጂ በሩ ለእንግዳ አይከፈትም። ከነዋሪዎቹ መካከል ኪራዩን ለመክፈል የሚሳፈርበት ባጃጅ ከኪራዩ የሚበልጥበት አለ፤ ቅናቴን አልደብቅም።

የቀረኝ ሰርቪስ ነበር። ሰርቪስ ማለት ለማብሰያና ለሠራተኛ ማደሪያ ተብሎ በጓሮ ከተሠራ በኋላ፣ ኑሮ ሲወደድ «ራሱን የቻለ ቤት» ወደሚል ማዕረግ ያደገ ክፍል ነው። ደሴ በጦሳ ተዳፋት ላይ ስለተደገፈች የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ደጃፍ እኩል ይሆናል፤ ሆጤ አካባቢ ያሳየኝ ደላላም «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በመንገድ በኩል ሲያዩት ምድር ቤት ነው፣ በጓሮ ሲያዩት ግን ፎቅ ነው» አለኝ። ኪራዩን የነገረኝ በጓሮ በኩል ቆሞ ነበር።

አከራይዋ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ምርመራውን ጀመሩ። ልጆች እንደሚወዱ፣ ነገር ግን ግድግዳው አዲስ ቀለም መሆኑን ነገሩኝ። እንጀራ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምንጋግር ጠየቁ፤ ቆጣሪው የጋራ ነውና። «እንግዳስ ይበዛባችኋል?» ሲሉኝ፣ መንገደኛ ተጎትቶ ገብቶ ቡና በሚጠጣበት በወሎ ምድር ይህን ጥያቄ መስማቴ አስደንግጦኝ «ዘመድ የለንም» ብዬ ዋሸሁ። በመጨረሻ በአንድ ክንድ ጣውላ ላይ በሚስማር የታሰረውን የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ አስረከቡኝና የ6 ወር ቅድሚያ ጠየቁ።

የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከ2 ዓመት እንዳያንስ መደንገጉን በትሕትና ባስረዳቸው፣ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡኝና «አዋጁ ቤት አለው፣ ልጄ?» አሉኝ። ከፈልሁ።

6ኛው ወር ሲያልቅ ቡና ጠሩን። ዕጣኑ ጨሰ፤ በአቦሉ ልጆቼን አንድ በአንድ መረቁ፤ በቶናው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ የት እንደደረሰ አወጉን፤ በበረካው እጃቸውን ዘርግተው ጤናና ሲሳይ ከለመኑልን በኋላ፣ እጃቸውን ሳያጥፉ 1,500 ብር ጨመሩ። «አሚን» ብዬ ስለነበር መከራከሪያ አልቀረኝም።

ከዚያ ወዲህ ቶናውን እንደጠጣሁ ሥራ አለብኝ ብዬ እነሣለሁ፤ እማማም ጀበናውን እያዘነበሉ «ምነው፣ በረካውን ጥሎ የሚነሣ የወሎ ሰው አይተን እናውቃለን?» እያሉ ይታዘቡኛል።