የእንግሊዝኛ የአራዳ ቃል ሰምና ወርቅ የለውም

ጎጃም ውስጥ እንግሊዝኛ ሲማሩም ሲያስተምሩም የሚሰማ አንድ ማብራሪያ አለ። ተማሪው «‹ሲክ› ማለት ‹የታመመ› ከሆነ፣ በቪዲዮ ላይ ያለው ልጅ አዲስ ጫማውን እያሳየ ለምን ‹ሲክ› አለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «እንደኛ ቅኔ ነው፤ ሕመሙ ሰም፣ ‹ግሩም› የሚለው ወርቅ» የሚል ነው። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ይህ ማብራሪያ ቶሎ ይገባል፤ ደስም ያሰኛል። ግን ልክ አይደለም፤ ተማሪውንም ያሳስተዋል።

በቅኔ ሰሙና ወርቁ አብረው ይኖራሉ። በኅብር ቅኔ አንዲት ቃል ሁለት ፍቺ ይዛ ትቆማለች፤ ሰሚው የሚረካውም ሁለቱንም ሲያገኛቸው ነው። ፈቺው የሚሄድበት ሰዋስው አለው፤ ግሡን አርብቶ፣ ሙያውን ለይቶ፣ ባለቅኔውን በሕይወት ባያገኘው እንኳ ከምስጢሩ ይደርሳል። በአራዳ ቃል ግን አንዱ ትርጉም ሲገባ ሌላው ይወጣል። ጫማውን «ሲክ» ያለው ልጅ በሽታን ጨርሶ አላሰበም። የቃሉን ሥር ቢመረምሩ ወርቅ አይገኝም፤ የሚያዋጣው ማን፣ ለማን፣ የትና መቼ እንደተናገረው ማወቅ ነው።

«ጎት» የሚለውን እንይ። በመዝገበ ቃላት ፍየል ነው፤ በእግር ኳስ ወሬ ግን ትልቁ ሙገሳ። ሰምና ወርቅ ለማውጣት የለመደ ሰው ከፍየሏ ጠባይ ይነሣና ገደል መውጣቷን፣ ቅልጥፍናዋን ይዘረዝራል። ነገሩ ከፍየል ጋር አይገናኝም። «የምንጊዜም ታላቅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ (Greatest Of All Time) የአራት ቃላቱ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ጎት» ስለሚሆኑ ብቻ ነው። የቦክሰኛው የመሐመድ ዓሊ ባለቤት ሎኒ ዓሊ በ1992 በዚሁ ምሕጻር ኩባንያ አቋቁማበታለች፤ የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ደግሞ በ2018 አስገብቶታል (እዚህም ከታችም ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ከራሳችንም ማስረጃ አለ። «ሙድ» በእንግሊዝኛ የስሜት ሁኔታ ነው። እኛ ዘንድ «ሙድ ያዘብኝ» ሲባል «አላገጠብኝ» ሆኗል። እንግሊዛዊው መዝገበ ቃላቱን ቀኑን ሙሉ ቢያገላብጥ ይህን ፍቺ አያገኘውም።

«መዝገበ ቃላት የአራዳ ቃል አያውቅም» የሚባለውም ስሕተት ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ እንኳ «ተራ ቃል» የሚል ምልክት እየሰጠ መዝግቧቸዋል። ጉድለቱ ያለው በእጃችን ባለው የኪስ እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥቶ ያልፋል፣ መለያ የለውም። ስልክ ያለው ተማሪ የኦክስፎርድን ወይም የሜሪያም ዌብስተርን በነፃ መክፈት ይችላል። ግን አነባበቡን ማንም አላስተማረውም።

መጀመሪያ የቃሉ ክፍል ይታይ። «ጎስት» ስም ሲሆን የሙት መንፈስ ነው፤ ግሥ ሲሆን ምክንያት ሳይነግሩ ከሰው ጋር መጻጻፍን ድንገት ማቋረጥ። ስሙን ይዞ ግሡን ለመፍታት የሞከረ መናፍስት ሲያሳድድ ይውላል። ቀጥሎ መለያው፦ ኢንፎርማል፣ ስላንግ፣ ዴትድ፣ ኦፌንሲቭ የሚሉት ትንንሽ ጽሑፎች ከፍቺው እኩል ይመዝናሉ። ኢንፎርማል ማለት የዘወትር ወሬ ቃል፣ ስላንግ ማለት የአራዳ ቃል ነው፤ ዴትድ ማለት ቃሉ አርጅቷል ማለት ነው፤ ኦፌንሲቭ ካለ ሰው ያስቀይማል። የአገር ምልክትም አብሮ አለ። «ፒስድ» በብሪታንያ ሰክሯል፣ በአሜሪካ ተናዷል ማለት ነው፤ በሁለቱም አገር ጸያፍነት አለው። ከሁሉ የሚዘነጋው የፍቺዎቹ ተራ ነው። ሜሪያም ዌብስተር ፍቺዎችን በዕድሜ ስለሚደረድር ቁጥር አንድ ሆኖ የሚመጣው የቆየው ነው፤ ለቋንቋ ተማሪ የሚዘጋጁት ግን ብዙውን ጊዜ የተለመደውን ያስቀድማሉ። «ናይስ» ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ «ቂል» ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ መሮጥ አያዋጣም፤ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ ድረስ መውረድ ያስፈልጋል።

ኧርባን ዲክሽነሪም አለ። ከ1999 ጀምሮ ማንም የፈለገውን ፍቺ የሚጽፍበት፣ አንባቢ ድምፅ የሚሰጥበት ነው። ቀልድና ስድብ ሞልቶበታል። ፍንጭ ይገኝበታል፤ እዚያ የተገኘ ፍቺ ግን በሌላ መዝገብ ወይም በሰዎች አነጋገር እስኪረጋገጥ ድረስ ልክ ነው ተብሎ ሊያዝ አይገባም።

ይህ የመማሪያ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ያለ አስጎብኚ ዘጌ ላይ እንግዳው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይቶ «ዊክድ!» ቢል፣ በመዝገቡ የመጀመሪያ ፍቺ «ክፉ ነው አሉ» ብሎ ለቄሱ ቢያስተረጉም ሰው ያጣላል። እንግሊዛዊው ያለው «ድንቅ ነው» ነው። የቦስተን ሰው ደግሞ «ዊክድ ጉድ» ሲል «በጣም ጥሩ» ማለቱ ነው።

መረዳትና መናገር መለየት አለባቸው። የአራዳ ቃል መስማት ያስፈልጋል። በፈተና፣ በሥራ ማመልከቻ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል በሚጠየቅበት ደብዳቤ ግን አንድም ሊገባ አይገባም። በንግግርም ቢሆን ብዙዎቹ ቃላት ከጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር የወጡ ናቸው፤ ከቪዲዮ ለቅሞ የሚደግማቸው ሰው ለባለቤቶቹ ጆሮ የተውሶ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ደግሞም ቶሎ ያረጃሉ። ኦክስፎርድ «ሪዝ»ን (ሰውን የመማረክ ችሎታ) የ2023 የዓመቱ ቃል ብሎ ሲመርጥ፣ የመማሪያ መጽሐፍ እስኪታተም የሚጠብቅ መምህር ሁልጊዜ ወደ ኋላ እንደሚቀር ግልጽ ነው።

ስለዚህ ቃላቱን ከማስሸምደድ አሠራሩን ማስተማር ይሻላል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ተማሪው በደብተሩ አራት ዓምድ ያስምር፦ ቃሉ፣ የሰማበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ማን ለማን እንዳለው፣ በሁለት መዝገበ ቃላት ያገኘው መለያ። አራተኛው ዓምድ ካልተሞላ በግምት አይሙላው፤ ባዶውን ትቶ በቀጣዩ ሴሚስተር ይመለስበት።