ከመርዶ በፊት ያሉት ቀናት

እዚህ አሜሪካ በግል ጥረት በሚታተሙ ትንንሽ መጽሔቶች ላይ የሚወጡ አጫጭር አስፈሪ ታሪኮች አንድ መንገድ ለምደዋል። ሐዘንተኛዋ አፓርታማዋ ውስጥ ብቻዋን ናት፤ ሐዘኑ መውጫ ሲያጣ ቆዳዋን ወይም ጥርሷን ይለውጣል። ለዚህ አገር ልክ ነው። አስከሬኑን የቀብር ድርጅት ይረከባል፣ በመድኃኒት ማቆየትና መኳኳልም የተለመደ ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የሐዘን ፈቃድም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ነው።

ይህንኑ መንገድ እንዳለ ወስዶ በአማርኛ መጻፍ ግን አያስፈራም። አገር ቤት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት አብሮ ያድራል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። አካልም ቢሆን በአደባባይ ይለወጣል፦ ፀጉር ይላጫል፣ ከል ይለበሳል፣ በአንዳንድ ቦታ ፊት ይነጫል። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ቀኑ የተቆረጠ ነው።

በእኔ ግምት የእኛ ፍርሃት ያለው መርዶ ላይ ነው። አባት ረቡዕ አዲስ አበባ ቢያርፍ፣ ዋሽንግተን ያለችው ልጅ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው፤ ሥራ የሌለበት ቀን ተጠብቆ ታላላቆች በሯን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቃል። ከዚህ የተሻለ የታሪክ ማዕቀፍ ከየት ይመጣል?

በእነዚህ ቀናት የሚለወጥ አንድ የአካል ክፍል ብቻ ይመረጥ። በግነዛ ጊዜ የእግር አውራ ጣቶች ይታሰራሉ፤ እሱ ይበቃል። ረቡዕ ማታ ጫማ ይጠባታል፣ ድካም ነው ትላለች። ሐሙስ ጣቶቿ ላይ የክር ሰንበር ይወጣል፤ አብራት የምትኖረው ታየዋለች፣ ግን ስለምታውቅ ዝም ትላለች። ዓርብ እግሮቿ አልላቀቅ ይላሉ።

ታሪኩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ላይ ነው፦ ጸሐፊው ሕልም ወይም ሐኪም አምጥቶ ያብራራል፣ ፍርሃቱም እዚያው ያልቃል። ልጅቷን ወደ ጅብ መለወጥም ይቅር። የቡዳ ወሬ በሸክላ ሠሪና በቀጥቃጭ ላይ ስንት በደል አድርሷል!

ቴሌግራም ላይ ለሚያወጣ ደግሞ፣ አንድ መልእክት የሚይዘው 4,096 ፊደል ነው፤ 700 ቃል ገደማ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መልእክት ይበቃል። «ይቀጥላል» ለማለት ሲባል በየመጨረሻው ጩኸት አይጨመር፤ ለውጡ ቀስ ሲል ነው የሚከብደው። ቅዳሜ የራሱ ክፍል አያስፈልገውም፤ ማንኳኳቱ የዓርቡ የመጨረሻ መስመር ላይ ይግባ።