ሦስት ትውልድ ብቻ? ስለ ዜድ ቦዞን ልኬት እርማት
«የሰርን የዜድ ቦዞን ልኬት አራተኛ የቁስ ቅንጣቶች ትውልድ እንደሌለ አረጋግጧል» የሚለው አስተያየትዎ፣ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ መታረም ይገባዋል። ሰርን የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው፤ ዜድ ቦዞን ደግሞ ደካማውን የኑክሌር ኃይል የሚያስተላልፍ ቅንጣት ነው። ትውልድ የሚባለው ሁለት ኳርኮችን (የፕሮቶን መሥሪያ ዓይነት ቅንጣቶችን)፣ አንድ ኤሌክትሮን መሰል ቅንጣትንና አንድ ኒውትሪኖን (የኤሌክትሪክ ሙላት የሌለው ቅንጣት) የያዘ ቤተሰብ ነው፤ የሚታወቁትም ሦስት ናቸው። ሌፕ በተባለው የሰርን ቅንጣት ማፋጠኛ 17 ሚሊዮን ያህል የዜድ ቦዞኖች ሲፈርሱ ተመዝግበው የተገኘው የኒውትሪኖ ዓይነቶች ቁጥር 2.984 ገደማ ነው፤ የሚቆጥረው ግን ከዜድ ሊወለዱ የሚችሉትን፣ ማለትም ክብደታቸው ከዜድ ግማሽ፣ ከ45.6 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ክብደት መለኪያ) ገደማ፣ የማይበልጡትን ኒውትሪኖዎች ብቻ ነው። ከዚያ የከበደ ኒውትሪኖ ያለው ትውልድ ከዚህ ቆጠራ ያመልጣል፤ ይህን ልዩነት ማለፍ ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። በሩን ይበልጥ ያጠበበው እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘው፣ ለቅንጣቶች ክብደት ከሚሰጠው መስክ ጋር የተያያዘው ሂግስ ቦዞን ነው፤ ሁለት ተጨማሪ ከባድ ኳርኮች ቢኖሩ ኖሮ ከግሉኦኖች (ኳርኮችን ከሚያያይዙ ቅንጣቶች) ውሕደት የሚፈጠረው ሂግስ ዘጠኝ እጥፍ ያህል በበዛ ነበር፣ የታየው ግን ከሦስት ትውልድ ስሌት ጋር ይስማማል። ይህም ቢሆን ክብደታቸውን በሌላ መንገድ የሚያገኙ ኳርኮችን ስለማይከለክል፣ እነርሱን የማደኑ ሥራ ዛሬም ቀጥሏል።